ሐላል ነው፤ ጠዪብስ ነው?



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ስለ መክሰስና ስለ ጣፋጭ መጠጥ።

ዛሬ ላፍቶ፣ ጀሞ ወይም ለቡ ጁሙዓን ሰግዳችሁ ስትወጡ ከመስጂዱ ደጃፍ እስከ ታክሲ መያዣው ያለውን መንገድ ልብ ብላችሁ እዩት። ተምር በኪሎ፣ ሳምቡሳ በትሪ፣ ቦምቦሊኖ፣ ሐላዋ፣ ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ የቀዘቀዘ ለስላሳ፣ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ጁስ ቤት። አልሐምዱሊላህ ሁሉም ሐላል ነው። እሪያ የለበትም፤ አስካሪ የለበትም። ታዲያ ምን የሚያወያይ ነገር አለው?

የሚያወያየው ይህ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 168 ሰዎችን ሲጠራ ሐላል የሆነውን ብሉ ብሎ ብቻ አላቆመም። ሐላልም ጠዪብም የሆነውን ብሉ አለን። ሁለት ቃል ነው። ኢማም ኢብን ከሲር ይህን አንቀጽ ሲያብራሩ ጠዪብ ማለት በራሱ መልካም የሆነ፣ አካልንም አእምሮንም የማይጎዳ መሆኑን ጠቅሰዋል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ቃል አጥብቀን ይዘን ሁለተኛውን መንገድ ላይ ጥለነዋል። ሥጋው በማን እንደታረደ እንጠይቃለን፤ መጠየቃችንም ተገቢ ነው። ስኳር ላለባት እናታችን ሦስተኛውን ብርጭቆ ለስላሳ ስንቀዳላት ግን ማንም አይጠይቅም።

*ከኡሙል ሙንዚር ቤት የተገኘ ትምህርት*

ይህን ጉዳይ ከሥሩ የሚያስረዳ አንድ ሐዲስ አለ። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ኢብን ማጃህ ዘግበውታል፤ ባለታሪኳ ኡሙል ሙንዚር (ረ.ዐ) የተባሉ የመዲና ሴት ናቸው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው መጡ። አብረዋቸው ዐሊይ (ረ.ዐ) ነበሩ። ዐሊይ ከሕመም ገና እያገገሙ ነበር። በቤቱ ውስጥ የተምር ዘለላዎች ተንጠልጥለዋል። ነቢያችን ተነስተው ከዘለላው መብላት ጀመሩ፤ ዐሊይም ተነስተው ሊበሉ ሲሉ ነቢያችን፣ ገና ከሕመም እያገገምክ ነው ብለው እንዲተዉ ነገሯቸው። ዐሊይም ተዉ። ኡሙል ሙንዚር ገብስና ሲልቅ የሚባል ቅጠል ሠርተው አቀረቡ። ነቢያችንም ይልቅ ከዚህ ብላ፣ ለአንተ ይህ ይበልጥ ይስማማሃል አሏቸው።

ወንድሜ ሆይ፤ እህቴ ሆይ፤ ይህን ታሪክ ቀስ ብላችሁ አስቡት።

አንደኛ፦ ተምሩ ሐራም አልነበረም። እንዲያውም የተባረከ ምግብ ነው። ነቢያችን ራሳቸው በዚያች ቅጽበት እየበሉት ነበር። ግን ለአንዱ ሰው የሚስማማው በዚያው ቤት፣ በዚያው ሰዓት ለሌላው አልተስማማም።

ሁለተኛ፦ ዐሊይን ከልክለው ዝም አላሉም። የሚበላ ነገር ሲቀርብ ይህን ብላ አሏቸው። የታመመ ሰው "ተው" ብቻ እየተባለ አይኖርም፤ በምትኩ የሚሰጠው ይፈልጋል።

ሦስተኛ፦ የቀረበው ገብስና ቅጠል ነው። ሲልቅ የሚባለው ቅጠል እኛ ቆስጣ የምንለው ነው። ገብስና ቆስጣ! ከውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም። በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም፣ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ኋላ በክፍለ ከተማችን ኃይሌ ጋርመንት የሰፈረው አትክልት ተራ ቆስጣውን በእስር በእስር ያራግፈዋል። ገብሱም ከየእህል በረንዳው አይጠፋም።

ነቢያችን ስለ ስኳር በሽታ ተናገሩ ማለታችን አይደለም። ያላሉትን በእርሳቸው ስም መናገር ከባድ ወንጀል ነው። የምንለው ይህን ነው፦ ለታማሚ ምግብ መምረጥ፣ መጠን መጠበቅ፣ ለሌላው የተፈቀደውን ለራስ ጤና ሲባል መተው ከሱና የወጣ ነገር አይደለም። በሱና ውስጥ ሥር ያለው ነገር ነው።

*ጣፋጭን ሐራም አናድርግ*

በሌላ በኩል ደግሞ ወሰን አንለፍ። በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 87 አላህ የፈቀደልንን መልካም ነገር በራሳችን ላይ እርም እንዳናደርግ ከልክሎናል፤ ወሰን ማለፍንም በዚያው አንቀጽ ከልክሏል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ነቢያችን ጣፋጭና ማር ይወዱ ነበር፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ስለዚህ ስኳር ያለበትን ሰው በማዕድ ዳር አስቀምጦ "አንተ ምንም አትንካ" ማለት የሃይማኖትም የሕክምናም ትእዛዝ አይደለም። የዛሬ ሐኪሞችም ታካሚውን ከጣፋጭ ሁሉ ቆርጠው አያስወጡትም። ስንት፣ መቼ፣ ከምን ጋር የሚለውን ነው የሚያስተምሩት።

*በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?*

የምንበላው ዳቦ፣ እንጀራ፣ ሩዝና ስኳር ሁሉ ወደ ግሉኮስ ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ኢንሱሊን የሴሎችን በር ከፍቶ ግሉኮሱን ያስገባል። ኢንሱሊኑ ሲጠፋ ወይም ሰውነት አልታዘዘው ሲል ስኳሩ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ስኳር ዓመት በዓመት ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብን፣ የእግር ነርቭን ይጎዳል። ክፋቱ መጀመሪያ ላይ አያምም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም 537 ሚሊዮን አዋቂዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከመካከላቸውም ግማሽ የሚጠጉት መታመማቸውን አያውቁም ነበር።

ከምንም በላይ ስኳርን በፍጥነት ወደ ላይ የሚያወጣው የሚጠጣ ስኳር ነው። ጥርስ አያኝከውም፤ አሰር የለውም፤ ሆድ ውስጥ ብዙ አይቆይም። እስቲ አብረን እንቁጠር። የተለመደ ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር አለው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ 30 ግራም ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ቢይዝ ሰባት ማንኪያ ተኩል ሆነ። የግማሽ ሊትሩ ፕላስቲክ ደግሞ ከአሥራ ሁለት ማንኪያ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ ሰው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ከተቻለም ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። አንዲት የግማሽ ሊትር ለስላሳ የቀኑን ሙሉ ድርሻ ጨረሰች ማለት ነው፤ ሻዩም፣ ብስኩቱም፣ ሐላዋውም ገና ሳይቆጠር።

"እኔ ለስላሳ አልጠጣም፤ ሻይ ብቻ ነው" የሚል ወንድምም ይቁጠር። በአንድ ስኒ ሦስት ማንኪያ የሚያደርግ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ሲጠጣ ዘጠኝ ማንኪያ ነው። "ማልት ነው የምጠጣው፤ አልኮል የለውም" የምትል እህትም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ታንብብ። አልኮል የለውም ማለት ስኳር የለውም ማለት አይደለም።

ጁስ ቤት ስንገባም እንዲሁ ነው። አቡካዶ በራሱ ስኳሩ በጣም ትንሽ ነው። ችግሩ ብርጭቆው ላይ የሚፈሰው ሽሮፕና የሚጨመረው ስኳር ነው። "አቡካዶ፣ ያለ ስኳር፣ ያለ ሽሮፕ፣ ሎሚ ብቻ" ብላችሁ እዘዙ። ማንጎና ሙዝ ስፕሪስ ግን ሽሮፕ ባይገባበትም ሁለት ሦስት ፍሬ በአንድ ትንፋሽ መዋጥ ነው። አንዷን ፍሬ እያኘኩ መብላት ከጁሱ ይሻላል፤ አሰሩ ስኳሩን ያዘገየዋልና።

*እንዴት እንደሰት?*

በዚህ ሳምንት ልንጀምራቸው የምንችላቸው፣ ገንዘብም ብዙ የማይጠይቁ ነገሮች እነሆ።

1. ጣፋጩን ብቻውን አትብሉት። ነቢያችን የተምር እሸትን ከኪያር ዓይነት አትክልት ጋር ይበሉ እንደነበር ዐብደላህ ኢብን ጀዕፈር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የዛሬው የሥነ ምግብ ዕውቀትም አሰር፣ ፕሮቲንና ቅባት ያለው ነገር አብሮ ሲበላ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት እንደሚቀንስ ያሳያል። ተምር ስትበሉ ጥቂት ለውዝ አክሉበት። ይህ ግን ስኳሩን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ቁጥሩንም ቀንሱ።

2. መክሰሱን ከሀገራችሁ ምረጡ። የሽምብራ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጥቂት ለውዝ፣ የተቀቀለ ባቄላ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ስኳር ያልገባበት እርጎ። በሶንም አትርሱ። ነቢያችንና ባልደረቦቻቸው በኸይበር ጉዞ ላይ የበሉት ሰዊቅ ከተቆላ እህል የሚዘጋጅ ዱቄት ነው፤ የእኛው በሶ ወንድም ማለት ነው። ይሁንና በሶም እህል ነውና በልክ ይሁን፤ በስኳር የተበጠበጠ በሶ ደግሞ ወደ ለስላሳው መንደር ይመለሳል።

3. ሳምቡሳ ከወደዳችሁ አንድ ብሉ፣ ምስር ያለበትን ምረጡ፣ ከውሃ ወይም ስኳር ከሌለው ሻይ ጋር አድርጉት። ሳምቡሳ ከለስላሳ ጋር፣ ቦምቦሊኖ ከጣፋጭ ሻይ ጋር ሲሆን ግን ዱቄት በስኳር ላይ፣ ስኳር በዱቄት ላይ ነው።

4. የሻዩን ስኳር በአንድ ቀን አታጥፉት። ምላስ ልማድ ነው። በዚህ ሳምንት ከሦስት ወደ ሁለት ተኩል፣ በሚቀጥለው ወደ ሁለት አውርዱት። ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄል ያለበት ሻይ ስኳሩ ቢቀንስም ይጣፍጣል።

5. ከበላችሁ በኋላ ተንቀሳቀሱ። ከምግብ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ የደም ስኳርን ዝቅ ያደርጋል፤ ጡንቻ ሲሠራ ግሉኮሱን ይጠቀምበታልና። እራት በልቶ በእግር ወደ ዒሻ መሄድ በየእርምጃው አጅር፣ በየእርምጃው ጤና ነው፤ ኢንሻአላህ።

6. ጥማችሁን በውሃ አርኩ። ለስላሳ ጥም ማርኪያ አይደለም። አልፎ አልፎ ለመደሰት ከሆነ ትንሹን ጠርሙስ ለሁለት ተካፈሉት፤ ከምግብ በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ አትጠጡት።

*እንግዳ ማክበርና ቁልምጫችን*

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በእኛ ዘንድ ስኳር ፍቅር ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ማምረት ሲጀምር ስኳር በየቤቱ እንደልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ለእንግዳ የሚወጣ ክብር ነበር። ዛሬም ስኳር ሲጠፋ በሸማቾች ማኅበር ደጃፍ ተሰልፈን የምናመጣው ለልጅና ለእንግዳ ብለን ነው። ይህ ደግ ልብ ነው፤ አላህ አይንሳን። ግን ደግነታችን አንዳንድ ጊዜ ይገድላል።

ኒካሕ ላይ፣ ዐቂቃ ላይ፣ ተዕዚያ ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሰውየው "ይቅርብኝ" ይላል። "ወሏሂ ሳትጠጣ አትነሳም!" እንለዋለን። "ንቀኸኝ ነው?" እንለዋለን። ስኳር እንዳለበት በሰው ፊት መናገር ያፍራል፤ ጠርሙሱን ይቀበላል፤ ይጠጣል። ቤቱ ሲገባ ልኬቱ 300 ይላል፤ ሌሊቱን ውሃ ሲጠጣና ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል። እኛ ግን እንግዳ አከበርን ብለን ተኝተናል። የታመመ ለመጠየቅ ስንሄድስ? ስኳር ለታመመ ሰው የጁስ ካርቶን ተሸክመን እንገባለን።

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ለነቢያችን የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ቀረበላቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም ነውን? ብለው ጠየቁ። ነቢያችንም ሐራም እንዳልሆነ፣ ግን በሕዝባቸው ሀገር የማይገኝና እርሳቸው የማይወዱት መሆኑን ነገሯቸው። ኻሊድ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው በሉ፤ ነቢያችን ይመለከቱ ነበር። እዩ! የፍጥረታት ሁሉ በላጭ በማዕድ ላይ "ይቅርብኝ" አሉ፤ ያቀረበውም አልተቀየመ፤ የበላውም አልተወቀሰ። ከዚህ የተሻለ የማዕድ አደብ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። ጋባዥ የሆንክ ሰው፦ ከለስላሳው ጎን ውሃና ያልጣፈጠ ሻይ አቅርብ፤ ስኳሩን በሌላ ዕቃ ለብቻው አድርገው፤ "ይቅርብኝ" ያለህን አንዴ ከጋበዝክ ተወው፤ መሐላ አትማልበት። ተጋባዥ የሆንሽ እህት፦ "ጀዛኩሙላሁ ኸይረን፤ ሐኪም መጠን ሰጥቶኛል" በይ፤ አትፈሪ። ሕመም ነውር አይደለም። ሕመምን ደብቆ አካልን ማበላሸት ነው የሚያሳዝነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 195 ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል አስጠንቅቆናል።

*ማር፣ ጥቁር አዝሙድና ተወኩል*

"ማር በቁርኣን መድኃኒት ተብሏል፤ ስለዚህ ኪኒኑን ትቼ ማር እበላለሁ" የሚል ወንድም አይጠፋም። በማር ውስጥ ለሰዎች መዳኛ እንዳለ ሱረቱን ነሕል አንቀጽ 69 ይነግረናል፤ በዚህ እናምናለን፤ ጥርጥርም የለንም። ግን ሙስሊም በዘገቡት የጃቢር (ረ.ዐ) ሐዲስ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለው፣ መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ሲገጥም በአላህ ፈቃድ እንደሚድን ተነግሮናል። ሲገጥም የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ማር አብዛኛው ክፍሉ ስኳር ነው፤ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። ለሌላ ሕመም መዳኛ የሆነው ለዚህኛው በገደብ ነው። ተምርም ለዐሊይ (ረ.ዐ) በዚያን ዕለት እንዲያ ነበር።

ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሩቅያ፣ ዱዓም ሆነ ሰደቃ፣ ከሐኪም መድኃኒት ጋር አብረው ይሄዳሉ እንጂ መድኃኒቱን አያስጥሉም። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በ1922 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር የያዘው ልጅ ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር። አላህ በባሪያዎቹ እጅ የገለጠውን ሰበብ ጥሎ "ተወከልኩ" ማለት ተወኩል አይደለም። ግመሉን አስረህ ነው የምትመካው።

*መስጂድ ውስጥ ሊገጥመን የሚችል*

ስኳር የሚወጣ ብቻ አይደለም፤ ይወርዳልም። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ ቢዘልል ወይም ሥራ ቢበዛበት ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ይርበዋል፤ ንግግሩ ይዘበራረቃል። ሶፍ ውስጥ አጠገባችሁ ያለ ሰው እንዲህ ቢሆን "ጂን ነው" ብላችሁ ከመሮጣችሁ በፊት "ስኳር አለብህ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ስጡት፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትጨምሩ፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሱብሓነሏህ! እስካሁን ተጠንቀቁ ያልናችሁ ያው ለስላሳ በዚህ ሰዓት ነፍስ አዳኝ ሆነ። ነገሩ ከጠርሙሱ አይደለም፤ ከልኩና ከጊዜው ነው።

ሌላም አለ። ስኳር የእግርን ስሜት ያደነዝዛል፤ ሰውየው ቆስሎ አይሰማውም። አላህ ግን በቀን ለአምስት ሰላት ውዱእ ስናደርግ እግራችንን እንድናጥብ አዝዞናል። ስኳር ያለባችሁ ሁሉ፦ እግራችሁን ስታጥቡ እዩት። በጣቶች መካከል አድርቁት፤ ቁስል፣ ስንጥቅ፣ የቀለም ለውጥ ካለ አትቆዩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሞቀ ውሃ ከሆነ ሌላ ሰው በእጁ ይሞክርላችሁ። በዚች ትንሽ ጥንቃቄ ከመቆረጥ የሚተርፍ እግር አለ።

*ረመዳን ሲመጣ*

በረመዳን ፈጡር ላይ ሙሸበኩ፣ ሳምቡሳው፣ ጁሱ ሁሉ በአንዴ ይቀርባል። ነቢያችን በተምር እሸት፣ ካጡ በደረቅ ተምር፣ ካጡ በጥቂት ጉንጭ ውሃ ያፈጥሩ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ተምር ላይ ቁጥር እንመልከት፦ አንድ መካከለኛ ተምር 5 ግራም ገደማ ስኳር ሲኖረው ትልቁ መጁል ግን ከ15 ግራም ያልፋል። "ዊትር ነው" ብሎ ሦስት መጁል ከመብላት አንዷን መብላት ይሻላል፤ አንድም ዊትር ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የሚጾም አለ፤ የመድኃኒት ሰዓቱ ተቀይሮለት የሚጾም አለ፤ እንዳይጾም የሚነገረውም አለ። ጾም ላይ ሳለ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ማፍጠር አለበት። ጣትን ወግቶ መለካት ጾም እንደማያበላሽ የዘመናችን ዑለማዎች አስረድተዋል። ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድ የጌታችን እዝነት ነው፤ እዝነቱን መቀበል የኢማን ድክመት አይደለም።

*ለሌላውም እናስብ*

በጀሞና በላፍቶ ግንባታዎች ላይ ድንጋይ የሚሸከም ወጣት ምሳው ዳቦ በለስላሳ ነው። እርሱ ምርጫ አጥቶ ነው እንጂ ጠልቶ አይደለም፤ በዚያ ዋጋ ቶሎ የሚያጠግበው እርሱ ነው። እርሱን አንወቅሰው። ሰደቃ ስትሰጡ ግን አንድ ካሳ ለስላሳ ከመግዛት ሽሮ በእንጀራ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የሽምብራ ቆሎ ይሁን። ሰደቃችንም ጠዪብ ይሁን፤ አላህ ጠዪብ ነውና ጠዪብን እንጂ አይቀበልም።

ልጆቻችንንም እናስብ። ቁርኣን የሐፈዘን ልጅ በለስላሳና በከረሜላ ብቻ የምንሸልመው ከሆነ የዕድሜ ልክ ምላስ እያስለመድነው ነው። ኳስ፣ ደብተር፣ ጫማ፣ አንድ ላይ መውጣት፤ ሽልማት ብዙ ዓይነት ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ጸጋዎች አሉ፦ ጤናና ትርፍ ጊዜ። ሱረቱ ተካሡርም በመጨረሻ አንቀጹ ስለ ጸጋው እንደምንጠየቅ ይነግረናል። ጣፋጩ ጸጋ ነው፤ ይህ አካልም ጸጋ ነው። አንዱን ጸጋ በልተን ሌላውን አናፍርስ። ጥማት ከበዛባችሁ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ከመጣባችሁ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ ዓይናችሁ ከደበዘዘ፣ ወይም በቤተሰባችሁ ስኳር ካለ፣ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ በባዶ ሆድ ተለኩ። ከ100 በታች ከሆነ አልሐምዱሊላህ። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በምግብና በእንቅስቃሴ ገና ሊመለስ ይችላል። 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ደግሞ ለክቶ ያረጋግጥላችሁ። መድኃኒት ላይ ያላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ መጠኑን በራሳችሁ አትቀይሩ።

ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ እናትና አባታችሁን ዘይሩ። ስትሄዱ ግን ከለስላሳው ይልቅ አንድ እስር ቆስጣ፣ አንድ ኪሎ ገብስ ይዛችሁ ግቡ። ኡሙል ሙንዚር ለዐሊይ ያቀረቡት እርሱን ነበርና።

ያ አላህ! የታመሙብንን አንተ ፈውሳቸው፤ ከአንተ ፈውስ በቀር ፈውስ የለምና። ያ አላህ! የምንበላውን ሐላልም ጠዪብም አድርግልን። ሕመማቸውን የደበቁትን ድፍረት ስጣቸው፤ መድኃኒት መግዣ ያጡትን ከማያስቡት በኩል ሲሳይ ላክላቸው። ዓይናችንን፣ እግራችንን፣ ኩላሊታችንን እስከ ዕለተ ሞታችን በአንተ ትእዛዝ ላይ አቆይልን። ኣሚን።

ወሏሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ!

ስኳር ያለበት ወዳጅ ዘመድ ላላችሁ ሁሉ አድርሱላቸው።